ምክንያት፦ ሌላ

የራጁን መስታወት የምጠርግ፣ የማጠራ፣
እኔ ነኝ በመሰንጠቂያው፣ በሌሊቱ ተራ።
ስለዚህ የምናገረው በምቀኝነት አይደለም፤
እንደ እሱ የሚያይ ሰው በመላው ካይኑ የለም።

ከቅርፊቱ በታች፣ ከእንጨቱ ሆድ ገብቶ
አንጓውን ይቆጥራል፣ ያየዋል አጥርቶ፤
የዛገውን ምስማር፣ የጦርነት ጥይት፣
ግንድ ውስጥ የተኛ ሰማንያ ክረምት፣
ሁሉን አንድ ባንድ፣ ሳይደክመው፣ ሳይተኛ፦
«አንደኛ» ይላል፤ «ሁለት»፤ «ለማገዶ»፤ «አንደኛ»።

ሲርካ ከጎኑ ናት፣ ከፍ ካለው መስኮት፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ግንድ ስትመለከት።
ድሮ በመዶሻ፣ በጆሮ፣ በመዳፍ፤
አሁን ግን ሥራዋ፣ እሱ ያለው ሲያልፍ
እያዩ ማሳለፍ።

ጻድቅ አላደርጋትም። ተሳስታ ታውቃለች።
አንድ ቀን ግንድ አንኳኩታ «ደህና ነው» አለች፤
መጋዙ ድንጋይ ነክሶ፣ ብትንትን ብሎ ተሰባብሮ፣
የኡርፖን ሁለት ጣት ይዞ ሄደ አብሮ።
እስከ ዛሬ ድረስ ኡርፖ ሰላም ሲላት
እጁን ኪሱ ከቶ ነው፣ እንዳያሳቅቃት።
ራጁ ቢኖር ኖሮ ያ ድንጋይ አያልፍም።
ይህንን ሳልናገር የቀረውን አልጽፍም።

ኅዳር ነው። ሐሙስ ነው። ብርዱ እንደ ምላጭ።
መጋዙ ይጮኻል፤ ጽልመት ነው በውጭ።
አንድ ጥድ ተንከባሎ ቀበቶው ላይ ወጣ፤
ራጁ ሆዱን ፈትሾ አንድም እንከን አጣ።
«አንደኛ» አለ።
እውነቱን ነው። በሚሊሜትር አልሳተም።

ሲርካ ቀዩን ቁልፍ በጡጫዋ መታች።

ያ ሁሉ ብረት ባንድ ጊዜ ዝም ሲል
እንዴት እንደሚያስፈራ የሰማ ያውቀዋል።
ወርዳ በእጅ ባትሪ ቅርፊቱን አበራች፦
መስቀል። ሁለት ፊደል። የዓመተ ምሕረት ቁጥር፣
ቁስል እንደሚገጥም ገጥሞበት ነበር።

ድሮ በእኛ መንደር ሬሳ ተሸክመው
ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ፣ ዳር ቆመው
ከመንገዱ ጥድ ላይ መስቀል ይቀርጻሉ፣
ሟቹ ዞሮ ወደ ቤት እንዳይመጣ ሲሉ።
የመንገዱ ነገር ተረስቷል። መንደሩም የለም።
ባለርስቱ ሸጧል፤ ወረቀቱ ሙሉ ነው፤
ይህን ዛፍ አትንኩ የሚል ሕግ የለው።

«እንጨት ነው» አለ ኦስሞ፣ በስልክ፣ ገና ካልጋው።
«ነው» አለች ሲርካ።
«አንደኛ ደረጃ ነው።»
«ነው።»
«ታዲያ?»
መልስ አልነበራትም። ወይም ነበራትና
በስልክ የሚነገር አልነበረም።

አሥራ አንድ ደቂቃ ቆምን።
ማሽኑ አልተሳሳተም፤ እሱ ነው የከበደኝ።
ቢሳሳት አርመው ነበር፤ መፍቻ አለኝ፣ ጨርቅ አለኝ።
«ስንት ያወጣል?» ብለን ነበር የጠየቅነው፤
ስንት እንደሚያወጣ ነው የመለሰልን።
«ይሰንጠቅ ወይ?» የሚለውን አላስገባንበትም።
ብናስገባውስ? ቢስትስ?
እሱ እንዳይሳቀቅ ብሎ
እጁን ኪሱ የሚከት ማን አለው?

ግንዱን በፎርክሊፍት አውጥተን ካጥሩ ሥር አጋደምነው።
እስካሁን እዚያው ነው፣ በረዶ ለብሶ።
ማንም አልጠየቀው። ኦስሞ ሲያልፍ ያየዋል፣
መኪናውን አዝግሞ፣ ከዚያ ይነዳል።
የአሥራ አንዱ ደቂቃ ኪሣራ
በሲርካ ስም ተጽፏል።

ያን ሌሊት ግን፣ መስመሩ ዳግም ከመነሳቱ በፊት
ስክሪኑ ምክንያት ጠየቀ፦
ብረት። ድንጋይ። ብስባሽ። መጨናነቅ። ሌላ።
ስክሪኑ ጓንቲ አያውቅም፤
ጣቷን ለብርዱ አውጥታ
«ሌላ» የሚለውን ነካች።
ቀጥሎ መጻፊያ ቦታ ፈለገች፣
ወደ ታች፣ ወደ ጎን፣
አልነበረውም።

አረንጓዴው በራ።
ቀጣዩ ግንድ መጣ።